ስሟ ያለበት ግጥም

ነገሩ ከመለወጡ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነበር። በክሪሽና ወንዝ ዳር ባለችው በኒምዋዲ ከተማ፣ ከልብስ ሰፊው ከሃሪባ ሱቅ ጀርባ፣ ወርዷ ዘጠኝ ክንድ ርዝመቷ አሥራ ሁለት ክንድ የሆነች ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ልጃገረዶች ፊደል ይማሩ ነበር። ስምንቱ የልብስ ሰፊ፣ አምስቱ የአትክልተኛ፣ አራቱ የዘይት ጨማቂ ልጆች ናቸው። መጻፊያ ሰሌዳው አሥራ አንድ ስለነበር እየተቀባበሉ ይጽፋሉ። ከሁለቱ መስኮቶች ወደ ቤተ መቅደሱ መንገድ የሚያየው ተዘግቶ ይውላል፤ ከተከፈተ መንገደኛ ጭቃ ይወረውርበታል። አስተማሪያቸው የሃሪባ ሚስት ታኩባይ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች። ራሷ የጻፈችው፣ ፑና በተባለው ትልቅ ከተማ የታተመ፣ አርባ አንድ ግጥም ያለው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበራት።

አሥራ ስምንተኛዋ ተማሪ መዝገብ ላይ አልነበረችም። ቬኑ ትባላለች። ከካህናቱ ወገን፣ ከብራህሚኖች ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ባሏ የሞተው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነበር። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በወንዙ ዳር ቤተ መቅደስ የመጻሕፍት ንባብ ሲጀመር፣ ልትሰማ እንደሄደች አስመስላ በታኩባይ የላም በረት በኩል ትገባለች። ደወሉ ሲደወል ትወጣና ወንዝ ወርዳ ከነልብሷ ትጠመቃለች። የልብስ ሰፊ ቤት ገብታ፣ የልብስ ሰፊ ሰሌዳ ነክታ እንዲሁ ወደ አማቶቿ ማድቤት መግባት አትችልም። አማቶቿ ግን መታጠቧን የጽድቅ ሥራ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ፀጉሯ ገና አልተላጨም። የተፈራውም ይኸው ነበር። በካርቲክ ወር ሙሉ ጨረቃ ላይ ታላቁ የሃይማኖት አለቃ ወደ ኒምዋዲ ይመጣል፤ ባሏ ሞቶባት ፀጉሯን ያልተላጨች ሴት ካለችበት ቤት ደግሞ ውሃ አይቀበልም። ውሃው ያልተጠጣለት ቤት ሠርግም ሆነ ተዝካር ሲያደርግ የሚመጣለት ሰው የለም። የቬኑ አማት ዶንዶፓንት የቤተ መቅደሱ ጸሐፊ ነበር።

ታኩባይ ባለፈው ዓመት የከተማዋን አራት ፀጉር ላጮች ሰብስባ፣ ባል የሞተባትን ሴት ራስ ላለመላጨት አስምላቸው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሚስቶቻቸውን እያግባባች ነው እዚያ የደረሰችው። ነገር ግን መሐላ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃለች። ስለዚህ ሌላ ነገር አዘጋጀች። ከሙሉ ጨረቃው አራት ቀን አስቀድሞ የባሏ የአጎት ልጅ ጨርቅ ጭኖ በበሬ ጋሪ ወደ ፑና ይሄዳል። እዚያ ሴቶችን ለአስተማሪነት የሚያሠለጥን ቤት አለ፤ አንድ ገጽ ማንበብ፣ አንድ ገጽ መጻፍ የምትችለውን ይቀበላሉ። ቬኑ ሁለቱንም ትችላለች። የቀረው አሥራ ስድስት ቀን ዝም ብሎ ማለፍ ብቻ ነበር።

የታኩባይ አስተማሪነት የራሷ መንገድ ነበረው። ልጆቹ በወፍጮ ላይ የሚዘፈኑትን ስንኞች ገና በእናታቸው ጭን ሳሉ ያውቋቸዋል። ስለዚህ ፊደሉን ከሚያውቁት ስንኝ ታስተምራቸዋለች፤ ከዚያ የራሳቸውን ስንኝ ታስገጥማቸዋለች። አንድ ነገር ግን አትለቅም፤ የመጨረሻው መስመር ላይ የገጣሚዋ ስም መግባት አለበት። የጥንት ቅዱሳን መዝሙራቸውን ሲጨርሱ ስማቸውን ያስገቡ ነበር፤ ሴቶች በወፍጮ ላይ የሚሉት ግን ስም የለውም፤ የማንም ነው፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። የገዛ እናቷ ስትሞት ታኩባይ ከአፏ የለቀመችው ስንኝ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶች ሲዘፍኑት የእናቷን ስም የጠራ አልነበረም። መጽሐፏ ሲታተምም የከተማው ወንዶች የጻፈው ባሏ ነው አሉ። ሃሪባ ይህን ሲሰማ መርፌውን እንደነከሰ፣ "እኔ ያን ያህል ጥበብ ቢኖረኝ የሰፋሁትን እጀ ጠባብ ሰው ሁሉ ይመልስልኝ ነበር?" አለ።

ሙሉ ጨረቃው ሃያ ቀን ሲቀረው ቬኑ አራት መስመር ጽፋ ሰሌዳውን ለታኩባይ አቀበለች።

ምላጭ ሆይ ወንድሜ፣ ምን በደልኩህ እኔ፣
ባሌን ያየሁት እንደሁ አራት ቀን በዘመኔ።
ፀጉሬ ምን አጠፋ፣ እሱን አልገደለ፣
ቬኑ ናት ያለችው፣ ሌላ ሰውም የለ።

ታኩባይ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የሚታረም ፊደል ፈለገች፤ አላገኘችም። ቬኑ መልካም ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ታኩባይ መልካም ነው አለችና ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፤ ማንም እንዳያየው።

በማግስቱ ማለዳ ከጎረቤቷ ከራክማ ጋር ወፍጮ ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱን እጀታ በሁለት እጅ ይዘው ነው የሚያዞሩት። ራክማ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ በየቤቱ እየዞረች ለሰው የምትፈጭ ሴት ናት፤ በከተማዋ እሷን የሚያህል ዘፋኝ አልነበረም። ማሽላው ግማሽ ሲደርስ ታኩባይ የቬኑን ስንኝ አወጣችው።

ስሙን መዝለል እንዳለባት ታውቅ ነበር። በኋላ ብዙ ጊዜ ስታስበው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ እንደደረሰች ይህ ሐሳብ በግልጽ እንደመጣላት ታስታውሳለች። በቬኑ ቦታ የሚገባ ሁለት ቀለም ያለው ስም ሞልቷል። ግን ከአሥራ አንድ ዓመት ማስተማር በኋላ አንዲት ተማሪ ከእሷ የበለጠ ስንኝ ጽፋ ነበር፤ ያንንም በአንድ ሰው ፊት መናገር ፈለገች። አንድ ጊዜ ብቻ ዘፈነችው፤ ከነስሙ።

ራክማ እጀታውን አላቆመችም። ሌላ ዙር ከዞረ በኋላ እሷም አለችው፤ አንድ ቃል አልሳተችም።

ታኩባይ ለማንም እንዳትለው ነገረቻት። ራክማም እሺ አለች። ራክማ የዋሸች አልነበረችም። በዚያው ቀን ዘይት ጨማቂዎቹ ቤት አንድ ጆንያ ማሽላ ስትፈጭ ግን፣ እጅ ሲዞር አፍ ዝም እንደማይል ሁሉ፣ ስንኙ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የዘይት ጨማቂ ልጅ ክፍል ውስጥ ታንጎራጉረው ነበር። በአምስተኛው ቀን ታኩባይ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ ከላይኛው ድንጋይ ላይ የነበሩት ሴቶች ጨርቅ እየደበደቡ በቅብብል ይዘፍኑታል። አንዷ የትኛዋ ቬኑ ናት ብላ ጠየቀች። ሌላዋ በጣቷ ቆጠረች። በኒምዋዲ አምስት ቬኑ አሉ፤ ሦስቱ ባል አላቸው፤ አንዷ ገና ጡት አልጣለችም። ከዚያ ዘፈኑን ትተው ልብሱን ብቻ ይደበድቡ ጀመር።

ታኩባይ ከወንዝ በቀጥታ ራክማ ቤት ሄደች። ከዛሬ ጀምሮ በምትፈጭበት ቤት ሁሉ ስሙን እየቀየረች እንድትዘፍን፣ ሰው በብዙ ስም ከሰማው የቱ እውነተኛው እንደሆነ እንዳይለይ አስረዳቻት። ራክማ ማሽላ እያበጠረች ሰማቻት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ስም ያልገባበት ግጥም ግጥም አይደለም እያልሽ ስንት ዓመት ጆሮዬን በላሽው። ዛሬ አውጪው ትይኛለሽ።"

"አውጪው አላልኩም። ቀይሪው ነው ያልኩት።"

"በማን? የፍየሌን ስም ላስገባ? እሷም ባሏ ሞቶባታል፤ ባለፈው በዓል በልተነዋል።" ከዚያ የታኩባይን ፊት አየችና ወንፊቱን አስቀመጠችው። "እሺ በቃ፣ እቀይረዋለሁ። እኔ ግን አንድ አፍ ነኝ።"

ቃሏን ጠበቀች። በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን በአራት ቤት በአራት ስም ዘፈነችው። በአራቱም ቤት ሴቶቹ ስሙን እንደሳተች ነግረው አረሟት።

ቬኑ በእነዚያ ቀናት እንደወትሮው ትመጣ ነበር። ስንኟ እንደወጣ ታኩባይ አልነገረቻትም። ጋሪው እስኪሄድ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር፤ ልጅቷ ከፈራች ፊቷ ያጋልጣታል ብላ ነው። ይልቁንስ ሃሪባ ጋሪው ቀደም ብሎ ይሄድ እንደሆነ የአጎቱን ልጅ እንዲጠይቅ ላከችው። ጨርቁ ገና ከቀለም ነካሪው እንዳልመጣ ነግሮት ተመለሰ።

በስምንተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ቬኑ አልመጣችም። አሥር ሰዓት ገደማ የሃሪባ ሱቅ ደረጃ ሥር አንዲት ሴት ቆመች። የዶንዶፓንት ሚስት፣ የቬኑ አማት ኡማባይ ነበረች። የብራህሚን ሴት ልብስ ሰፊ ሱቅ አትገባም፤ የሳሪዋን ጫፍ ሰብስባ ከደረጃው ሁለት ክንድ ርቃ ቆመች። ሃሪባ አያትና ወደ ውስጥ ገባ፤ ታኩባይ ወጣች።

ኡማባይ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ለጠብ አልመጣሁም። ለጠብ ብመጣ ሰው ይዤ ነበር የምመጣው።"

ታኩባይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ቆማ ከእሷ በላይ እንዳትሆን።

"ሁለት ቀን ሙሉ እኔም ሳንጎራጉረው ነበር" አለች ኡማባይ። "ምስር እያማሰልኩ። ከውሃ ቀጂዋ ነው የሰማሁት፤ የመጨረሻውን መስመር አታውቀውም ነበር። ዜማው ደስ ይላል። ዛሬ ጠዋት ሌላዋ ጨረሰችልኝ። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር።"

ታኩባይ ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የራሷ እንደሆነ ተናገረች። ኡማባይ እጇን አንስታ አቋረጠቻት።

"ወደ አንቺ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ወንዝ ታጥባ ትመጣለች፤ ጥፍሯ ሥር ጠመኔ አለ። ዓይን አለኝ እኮ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስል እንደኖርኩ ታውቂያለሽ? አንዴ ትኩሳት ይዟታል አልኩ። አንዴ ራሷ ላይ ቁስል ወጥቷል፣ ምላጭ አይችለውም አልኩ። አንዴ ኮከቧ አልገጠመም አልኩ። ባለቤቴ ሞኝ አይደለም፤ ሰበብ ከሰጡት ግን ይቀበላል። ዘንድሮም ሰበቤን አዘጋጅቼ ነበር። እናቷ ዘንድ ትሂድ፣ አለቃው ሲመጣ እዚህ አትገኝ ልል ነበር። እሺ ሊለኝም ነበር።"

በመንገዱ አንድ ሰው ሲያልፍ ዝም አለች። ሲርቅ ቀጠለች።

"የተደበቀችን ልጅ እደብቃለሁ። በሰው ሁሉ አፍ ያለችን የት ልደብቃት?"

ታኩባይ ዛሬ ስጪኝና እኔ አስወጣታለሁ አለች። ጋሪም እንዳለ፣ ፑና ላይ የሚቀበሏት እንዳሉም ነገረቻት። እቅዷን ከሃሪባ በቀር ለማንም ስትናገር ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ኡማባይ የሳሪዋን ጫፍ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። "ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ" አለች፤ አልጨረሰችውም። "ዛሬ በሁለቱም በር ላይ የባለቤቴ ወንድሞች ተቀምጠዋል።"

ሄደች። ታኩባይ ከደረጃው ሳትነሳ ቀረች። ስንኙ ከአፏ ከወጣ ጀምሮ ሰባት ቀን ነበራት። ሴትየዋ ከሁለት መንገድ ማዶ ነው የምትኖረው፤ ሁለቱም አንዲቱን ልጅ ከአንድ ምላጭ ሲደብቁ ኖረዋል፤ አንዷ የሌላዋን እቅድ አታውቅም ነበር። ኡማባይን ለማነጋገር አስባ እንኳን አታውቅም። የአማቶቹን ቤት በሙሉ በጠላትነት መዝግባ ዘግታው ነበር።

የከተማዋ ላጮች መሐላቸውን ጠበቁ። ዶንዶፓንት አራቱንም አንድ በአንድ አስጠራ። አንዱ እጁን እንዳመመው ተናገረ፤ አንዱ ከተማ የለም ተባለ፤ ሦስተኛው ምላጬ ጠፍቷል አለ። የሁሉም ታላቅ የሆነው ጋኑ ብቻ ፊት ለፊት ቆሞ ምያለሁ፣ አልላጭም አለ። ለዚህም በበዓል ቀን ከቤተ መቅደሱ የሚሰጠውን እህል ተነጠቀ። ወደ ታኩባይ መጥቶ ይህን ሲነግራት በመጠኑም ኮርቶ ነበር። "እስከ ዛሬ ብራህሚን እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር" አላት። ከዚያ አንገቱን ደፋ። ከወንዙ ማዶ ሌላ ላጭ ሊያመጡ ጀልባ እንደላኩ የነገራት እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከማዶ የመጣው ላጭ ወደ ዶንዶፓንት ቤት ሄዶ ተመለሰ። አልፎ እስኪመለስ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ታኩባይ በተዘጋው መስኮት ቀዳዳ መንገዱን ስታይ ነበር፤ ስለዚህ ታውቃለች። አሥራ ሰባቱ ልጆች ከኋላዋ ተቀምጠው ስለነበር ዞራ ትምህርቱን ቀጠለች።

ጋሪው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሄደ። ለቬኑ የተተወው ቦታ ላይ ሌላ ጥቅል ጨርቅ ተጫነበት። ሙሉ ጨረቃው ደረሰ፤ አለቃው መጣ፤ በዶንዶፓንት ቤት ውሃ ጠጣ።

ታኩባይ ቬኑን ያየቻት ከዚያ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ከቤታቸው በስተጀርባ፣ የላሞች መተላለፊያ ላይ። ልጅቷ አመድ ልትደፋ ወጣች። ቀይ ዳማ ሳሪዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳው ነበር፤ ጨርቁ ከራሷ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግራት በአንድ እጇ ይዛዋለች። ታኩባይ ሌላ ጋሪ እንደሚኖር፣ ፀጉር እንደሚያድግ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ስለ ፀጉር እንደማይጠይቁ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ቬኑ አመዱን ደፍታ እስክትጨርስ ሰማቻት።

"አካ" አለች፤ ታላቅ እህት ማለቷ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠራት። "ስሜን አውጪልኝ።"

ታኩባይ ስትጠጋት ቬኑ ወደ ኋላ አለችና ቀጠለች።

"ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ዞር ስል ይጀምራሉ። ክፋት አይደለም፣ ያዝኑልኛል፤ ይገባኛል። ወፍጮ ላይ ስቀመጥ ግን በራሴም አፍ ይመጣል። አማቴ ፊት ለፊቴ ናት፤ እሷም አፏ ላይ እንዳለ አያለሁ። ስሜ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እናቆማለን።" የአመዱን ዕቃ አነሳች። "አንቺ ነሽ ያስገባሽኝ፤ አንቺ አውጪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። እንዳትመጪም።"

በዚያ ሳምንት ታኩባይ በክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጣ መስመሩን ለወጠችው። ሌላ የሚገባ ስም መፈለግ አላስፈለጋትም፤ የራሷ ስም ሲያጥር ሁለት ቀለም ነው፤ በልኩ ይገባል። ታኩ ናት ያለችው፣ ሌላ ሰውም የለ። ከተማዋ ውስጥ የሚቀበላት እንደሌለ ስላወቀች ወደ መንደሮቹ ወጣች። ሁለት በጋ ሙሉ፣ ትምህርት ባልነበረበት ቀን ሁሉ፣ አንዳንዴም ከሃሪባ ጋር፣ በወንዙ ሁለት ዳርቻ ተጓዘች። ማለዳ ወደምትሰማው ወፍጮ ትገባለች፤ ላግዝሽ ብላ ከፈጪዋ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ እጀታውን ይዛ ስንኙን በራሷ ስም ታወጣዋለች።

ሴቶቹ ደግ ነበሩ። ጨርሳ እስክትዘፍን ይጠብቃሉ። ከዚያ እንዲህ አይደለም የሚባለው ይሏታል። ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር አንዲት አሮጊት እጀታውን አቁማ አንገቷን አየች፤ ባል ያላት ሴት የምታስረው ጥቁር ጨሌ አንገቷ ላይ ነበር።

"ባልሽ አለ አይደል እንዴ?" አለቻት።

አለ፣ አለች ታኩባይ። ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተቀደደ ጫማውን ይሰፋ ነበር።

"ታዲያ ያንቺ አይደለማ" አለች አሮጊቷ። "የሰው ኀዘን አትውሰጂ የኔ ልጅ። ይህን ያለችው ቬኑ ናት። ብትታወቅም ባትታወቅም ስሟ ይጠራላት።" ከዚያ ወፍጮውን አዙራ ከመጀመሪያው በትክክል አስተማረቻት፤ ታኩባይም አብራት ዘፈነች። ሌላ ምን ታደርጋለች።

ከአሥራ ሰባቱ ልጆች ስድስቱን አባቶቻቸው አስቀሩ፤ አስተማሪዋ የቤት ምሥጢር በወፍጮ ላይ ታወጣለች ተባለ። ታኩባይ ለቀሩት አሥራ አንዱ ፊደል ማስተማሩን ቀጠለች። ማስገጠሙን ግን ተወችው። ልጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቋት በቂ ሰሌዳ የለንም አለቻቸው፤ አሁን ግን ለእያንዳንዷ አንድ ይደርሳት ነበር።

የሄደችበትን ሁሉ በማስታወሻ ትይዝ ነበር፤ የመንደሩን ስም፣ የቀኑን፣ በየመንደሩ የሰማችውን ወፍጮ ብዛትና ተመልሳ ስትሄድ በስንቱ ስሙ ተለውጦ እንዳገኘችው። ሁለተኛው በጋ ሲያልቅ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ደመረችው። ሃያ ሦስት መንደር፣ መቶ አርባ ስድስት ወፍጮ። በዘጠኙ ስሙ ተለውጧል። በመቶ ሠላሳ ሰባቱ ቬኑ በቦታዋ ነበረች።